መኪናው የእኔ፣ ባትሪው የሌላ፦ በኪራይ ባትሪ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ መኪኖችና የመድን ካሣ ጥያቄ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ስለ መድን ሕግ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም፣ ባትሪው ግን የሌላ ሰው ቢሆን፣ ካሣውን ማን ይወስዳል?» አለኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እኔኑ ራሴን አላረካኝም፤ እነሆ ሁለተኛውን ሙከራ።

ጉዳዩ የምናብ አይደለም። የፈረንሳዩ ሬኖ «ዞዪ» የተባለችውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ደንበኛው መኪናዋን ይገዛል፤ ባትሪዋን ግን ከአምራቹ የፋይናንስ ኩባንያ ይከራያል። በፈረንሳይ ለ36 ወራት ውል የገባ፣ በዓመት እስከ 12,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ኪራይ በወር 79 ዩሮ ነበር። የአሠራሩ ጥቅም ግልጽ ነው። ባትሪው ከጠቅላላው ዋጋ ከፍተኛ ድርሻ ስለሚይዝ የመግዣው ዋጋ ይቀንሳል። የባትሪው ኃይል የመያዝ አቅም ከመጀመሪያው 75 በመቶ በታች ሲወርድም መላ የሚፈልገው አከራዩ ነው። ልብ በሉ፤ አከራዩ የሚሸከመው እርጅናን እንጂ አደጋን አይደለም። መኪናዋ ተጋጭታ ባትሪው ቢሰበር ጉዳዩ ወደ መድን ይሄዳል፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ችግር በመድን ውሉ ላይ በሚጻፈው የገንዘብ መጠን ላይ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ውሰዷቸው። መኪናው ያለ ባትሪ 1,200,000 ብር፣ ባትሪው 800,000 ብር ያወጣል እንበል። ባለመኪናው «የእኔ ንብረት ይህ ብቻ ነው» ብሎ በ1,200,000 ብር መድን ገባ። በሐቀኝነት ነው ያደረገው። ሆኖም ገማቹ አደጋ የደረሰበትን መኪና ሲያይ፣ ቆሞ የሚታየው ባለ ባትሪ ሙሉ መኪና ነው፤ 2,000,000 ብር ብሎ ይገምተዋል። ያን ጊዜ በመድን ውሎች የተለመደው የተመጣጣኝነት ደንብ ይመጣል፤ ንብረቱ መድን የተገባለት ለ60 በመቶው ብቻ ነው ይባላል። ጥገናው 900,000 ብር ቢፈጅ ባለመኪናው የሚደርሰው 540,000 ብር ነው። ያልዋሸ ሰው 360,000 ብር ከኪሱ ያወጣል ማለት ነው። ባትሪውን ጨምሮ በሙሉ ዋጋ ቢገባና መኪናው ቢወድምስ? ያን ጊዜ ደግሞ የእርሱ ያልሆነ 800,000 ብር በስሙ ይከፈለዋል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን፣ ክፍያውም ንብረቱ አደጋ በደረሰበት ዕለት ከነበረው ዋጋ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የባትሪው ድርሻ ለአከራዩ መድረስ አለበት። የአከራዩ ስም በውሉ ላይ ካልሰፈረ ግን መድን ሰጪው ይህን በምን ያውቃል?

ሁለተኛው የቅሪቱ ጉዳይ ነው። መድን ሰጪ ሙሉ ካሣ ሲከፍል ስብርባሪውን ተረክቦ በጨረታ መሸጡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከባለመኪናው የሚረከበው ባለመኪናው ያለውን መብት ብቻ ነው። ከፊት ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ በሆነ መኪና ወለል ሥር ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያንን ባትሪ አብሮ የሸጠ መድን ሰጪ የሰው ንብረት ሸጠ።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን እሳት ነው። ቃጠሎው ከራሱ ከባትሪው ጉድለት ቢነሣ፣ ለባለመኪናው የከፈለው መድን ሰጪ በዳረጎት መብቱ ወደ ጥፋተኛው ይዞራል። ጥፋተኛ የሚባለው ደግሞ የባትሪው አምራች፣ ምናልባትም አከራዩ ነው። ያው አከራይ በአንድ እጁ ለወደመው ባትሪ ካሣ ሲጠይቅ በሌላ እጁ መጥሪያ ሊቀበል ይችላል። የካሣ ክፍል ሠራተኛ መንስኤው ሳይጣራ ለአከራዩ ለመክፈል መቸኮል የሌለበት ለዚህ ነው።

አከራዩ ቢከስርስ? ቤተር ፕሌስ የተባለው ኩባንያ በእስራኤል ባትሪውን የራሱ አድርጎ የሬኖ ፍሉዌንስ መኪኖችን ለደንበኞች ካስረከበ በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ፈረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ የባትሪው ካሣ የሚከፈለው ለንብረት አጣሪው ይሆናል።

ወደ አገራችን ልመለስ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዶቻችን ላይ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። የባትሪ ኪራይ ውልም ቢመጣ፣ ክርክሩ የሚወሰነው ከመድን ሕጉ ይልቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው ባይ ነኝ። አንቀጽ 1132 በልማድ የአንድ ነገር አካል ተደርጎ የሚቆጠረውን፣ ወይም ነገሩን ሳያበላሹ ሊነጥሉት የማይቻለውን፣ የዚያ ነገር የማይነጠል ክፍል ያደርገዋል። አንቀጽ 1134 ደግሞ እንዲህ የተዋሐደ ዕቃ ራሱን ችሎ መቆሙ እንደሚቀር፣ ሦስተኛ ወገኖች በዕቃው ላይ የነበራቸው መብትም እንደሚቋረጥ ይናገራል። ባትሪው የማይነጠል ክፍል ከተባለ አከራዩ ባለቤትነቱን ያጣል፤ ካሣው በሙሉ የባለመኪናው ይሆናል፤ ለአከራዩ የሚቀረው በውሉ ተከራዩን መክሰስ ነው።

በእኔ አመለካከት አይደለም። ባትሪው በጋራዥ ውስጥ ብሎኑ ተፈትቶ፣ መኪናው ሳይጎዳ የሚወርድ ነው። የሚያሠጋኝ «በልማድ» የሚለው ቃል ነው፤ መኪና ስንል ከነባትሪው ማለታችን የተለመደ ነውና ተቃራኒውን መከራከር ለጎበዝ ጠበቃ አይከብደውም። ስለዚህ የመድን ውል የምታረቅቁ ሁሉ፣ የመኪናውንና የባትሪውን ዋጋ በሁለት መስመር ለያይታችሁ ጻፉ፤ የባትሪውን መለያ ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጎን አስፍሩ፤ የአከራዩንም ስም ለባትሪው ድርሻ ተከፋይ አድርጋችሁ መዝግቡ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ሊብሬውን ካየ በኋላ የባትሪውን ውል እንዲጠይቅ ንገሩት፤ ሊብሬው ስለ ባትሪው አይናገርምና።