ከዶማው በፊት ኮዱን፦ ከኤስዲአይ-12 ጋር ትውውቅ

የቢቸና ዙሪያ ጥቁር ዋልካ ጤፍ አብቃይ ነው። መሣሪያ ለሚቀብርበት ሰው ግን አስቸጋሪ አፈር ነው፤ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚህ አፈር ውስጥ የእርጥበት ሴንሰር ቀብሮ ንባቡን በአጭር የስልክ መልእክት ወደ ሞጣ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ለመላክ የሚያስብ ባለሙያ፣ ቁጥሩ ሲዛባበት ወይም ጭራሽ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው መሬቱን ነው። ዶማ ያነሣል። ዶማው ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንዴ የተቆፈረ ዋልካ እንደገና ርሶና ደርቆ በሴንሰሩ ዙሪያ እስኪጠጋ ድረስ ንባቡ ስለ ማሳው ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቦርድ ከሴንሰሩ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚነጋገሩበት ሥርዓት ኤስዲአይ-12 ይባላል። በ1988 እ.ኤ.አ. ለውኃና ለአየር ጠባይ መለኪያዎች የወጣ መስፈርት ሲሆን ዛሬም በብዙ የአፈርና የውኃ ሴንሰሮች፣ እንደ አትሞስ 41 ባሉ የአየር ጠባይ ጣቢያዎችም ውስጥ ይሠራል። ሽቦው ሦስት ብቻ ነው፦ 12 ቮልት፣ ግራውንድና ዳታ። ባትሪው 12 ቮልት ስለሆነ የዳታው ሽቦ ከኃይሉ ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ይገባል፤ የቦርዱ የዳታ ፒን የሚችለው 5 ቮልት ነው። ፍጥነቱ ዝግ ያለ ነው፤ በሰከንድ 1,200 ቢት ብቻ። ይህ ዝግታ ጉድለት አይደለም። ኬብሉ እስከ 60 ሜትር እንዲረዝም የሚፈቅደው እሱ ነው፤ ለማሳ ደግሞ ከፍጥነት ይልቅ ርዝመት ይጠቅማል።

በአንድ የዳታ ሽቦ ላይ ብዙ ሴንሰሮች ይቀጠላሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ አድራሻ አለው። ከፋብሪካ ሲወጡ ግን በተለምዶ አድራሻቸው 0 ነው። ሁለት አዳዲስ ሴንሰሮችን ሳይለይ አንድ ላይ ያያያዘ ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲመልሱለት ትርጉም የሌለው ፊደል ያገኛል። መፍትሔው አንዱን ብቻውን አገናኝቶ የጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ መላክ ነው፤ ሴንሰሩ አድራሻውን ይናገራል። ከዚያ አሮጌውን ቁጥር፣ ትልቁን የላቲን ፊደል ኤ፣ አዲሱን ቁጥርና ቃለ አጋኖን አከታትሎ መላክ አድራሻውን ይቀይረዋል።

ዋናው ችግር የሚመጣው የስልክ መልእክት መላኪያው ሲጨመር ነው። በምሕንድስና ተማሪዎች እጅ የማይጠፋው አርዱኖ ኡኖ ያለው የሃርድዌር ሲሪያል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከኮምፒውተር ጋር ለመገናኘት ተይዟል። ስለዚህ እንደ ሲም800ኤል ያለውን የጂኤስኤም ሞጁል ለማገናኘት ብዙዎች ሶፍትዌር ሲሪያል የተባለውን ላይብረሪ ይጠቀማሉ። ለኤስዲአይ-12 ደግሞ በስፋት የሚታወቀው፣ በፔንሲልቬኒያ ካለው የስትራውድ የውኃ ምርምር ማዕከል የወጣው የኤንቫይሮ ዲአይዋይ ላይብረሪ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ያለ እንከን ይሠራሉ። አንድ ኮድ ውስጥ ሲገቡ ግን ኮምፓይሉ ይቆማል፤ ስህተቱም ቬክተር 3 ሁለት ጊዜ ተበይኗል ይላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኡኖው ቺፕ አንድ ፒን ላይ ለውጥ ሲመጣ ሥራውን አቋርጦ እንዲያደምጥ የሚያደርጉ ሦስት የፒን ለውጥ ኢንተራፕቶች አሉት፤ ፒኖቹ በሙሉ በእነዚህ ሦስት ቡድኖች ተከፋፍለዋል። ለእያንዳንዱ ቡድን የሚጻፈው የምላሽ ኮድ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ ላይብረሪዎች ግን ተጠቃሚው የትኛውን ፒን እንደሚመርጥ ስለማያውቁ ሦስቱንም አስቀድመው ይይዛሉ። አንድን ማሳ ሁለት ሰው በየስሙ እንዳስመዘገበው ማለት ነው። ፒን መቀየር ምንም የማይፈይደውም ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ከላይብረሪዎቹ አንዱን ከፍቶ የሚጋጨውን መስመር ይሰርዛል። ኮምፓይሉ ያልፋል፤ ችግሩ ግን መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል። ሶፍትዌር ሲሪያል በሰከንድ 9,600 ቢት አንዲት ፊደል ሲቀበል ለ1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሌላ ኢንተራፕት አያስገባም። የኤስዲአይ-12 አንድ ቢት የሚቆየው 0.83 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሞጁሉ በዚያው ቅጽበት አንዳች ነገር ከላከ ከሴንሰሩ መልስ ውስጥ ቢት ይሰወራል። ይህ ከመጀመሪያው ስህተት የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያው በግልጽ ይናገራል፣ ይኸኛው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚታይ ጥርጣሬውን ወደ አፈሩ ይመልሰዋል።

የሚያዋጣው ሶፍትዌር ሲሪያልን ማስወጣት ነው። አልት ሶፍት ሲሪያል የተባለው ላይብረሪ የሚሠራው በሌላ መንገድ፣ በቺፑ ታይመር 1 ስለሆነ ከኤስዲአይ-12 ጋር አይጋጭም፤ በኡኖ ላይ ግን ፒን 8 እና 9ን ብቻ ነው የሚጠቀመው። አቅም ያለው ሰው አርዱኖ ሜጋ ቢገዛ ይሻለዋል፤ አራት የሃርድዌር ሲሪያል ስላለው ክርክሩ ጨርሶ አይነሣም። የጂኤስኤም ላይብረሪው በውስጡ ሶፍትዌር ሲሪያልን ደብቆ እንዳይጠራ ማየትም ያሻል። ታይኒ ጂኤስኤም የተባለው ላይብረሪ የሚሰጠውን ማንኛውንም ሲሪያል ስለሚቀበል ለዚህ የተመቸ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሴንሰሩ ብቻውን በአጭር ኮድ ሲጠየቅ አድራሻውን እየመለሰ ንባቡ ግን ዝቅ ካለ፣ ያኔ ዋልካውን መጠርጠር ተገቢ ነው። እርጥበት የሚለካው አፈሩ የኤሌክትሪክ መስክን በሚይዝበት መጠን ነው፤ ውኃ 80 ገደማ፣ የደረቀ አፈር ከ3 እስከ 5፣ አየር ደግሞ 1። ስንጥቅ በሴንሰሩ ጎን ካለፈ መሣሪያው የሚለካው አየሩን ስለሚሆን ቁጥሩ ከእውነተኛው እርጥበት በታች ይወርዳል። በቢቸና አካባቢ ሴንሰር ለመቅበር የምመርጠው ጊዜም ከዚሁ የተነሣ ክረምቱ ገብቶ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ፣ ጤፉ ሳይዘራ ነው። ኮዱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በበጋው፣ ሴንሰሩን ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ሞጁሉ መልእክት እየላከ ሊፈተሽ ይችላል።