ቼልሲ ይገዛል፣ ይገዛል... ተጫዋቾቹስ ለምን ያኮርፋሉ?

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት አንድ ክርክር አይጠፋም። የአርሰናል ደጋፊው «እነሱ እኮ ገንዘብ ያትማሉ!» ይላል። የማንችስተር ዩናይትዱ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ገዝተው ግማሹን ቤንች ላይ አይደል እንዴ የሚያስቀምጡት?» ብሎ ይጨምርበታል። የቼልሲው ደጋፊ በበኩሉ «ቅናት ነው!» ብሎ ይስቃል።

ሦስቱም ጋር ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ዋናው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ጨዋታው ይጀመራል። ይሄ ሁሉ ግዢ እንዴት ተቻለ? ያን ያህል ደሞዝ የሚከፈለው ተጫዋችስ ለምን ያኮርፋል? የሁለቱም መልስ ያለው አንድ ቦታ ነው፦ ውሉ ውስጥ። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በሜይ 2022 በቶድ ቦህሊ እና በክሊርሌክ ካፒታል የሚመራው ቡድን ቼልሲን በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተረከበ። የአብራሞቪች ዘመን አበቃ። አዲሶቹ ባለቤቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት የዝውውር መስኮቶች ብቻ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለተጫዋች አወጡ።

የአርሰናል ደጋፊ ጃንዋሪ 2023ን አይረሳም። ሚካይሎ ሙድሪክ ወደ ሰሜን ለንደን ሊመጣ ነው ሲባል ቼልሲ መሀል ገብቶ በ70 ሚሊዮን ዩሮ እና እስከ 30 ሚሊዮን ዩሮ በሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ወሰደው። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ኤንዞ ፈርናንዴዝን ከቤንፊካ በ106.8 ሚሊዮን ፓውንድ አመጣ። በጊዜው የእንግሊዝ ሪከርድ ነበር።

የብዙ ሰው ዓይን የሄደው ወደ ገንዘቡ ነው። ከገንዘቡ እኩል መታየት የነበረበት ግን የውሉ ርዝመት ነው። ሁለቱም የፈረሙት ለ8 ዓመት ከ6 ወር ነበር!

▪️ ረጅም ውል ምን ይጠቅማል?

አንድ ክለብ ተጫዋች ሲገዛ የግዢው ዋጋ በሂሳብ መዝገቡ ላይ በአንድ ዓመት ተጠቃሎ አይሰፍርም። በውሉ ዓመታት ይከፋፈላል።

እንበል ተጫዋቹ 80 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት።
👉 ለ5 ዓመት ከፈረመ በየዓመቱ 16 ሚሊዮን ወጪ ሆኖ ይመዘገባል።
👉 ለ8 ዓመት ከፈረመ ግን በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ብቻ።

ልብ በሉ፣ ይሄ ለሻጩ ክለብ የሚሰጠው ብር አከፋፈል አይደለም። እሱ በሁለቱ ክለቦች ስምምነት የሚወሰን ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄ የመዝገብ ጉዳይ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ የሚያየው መዝገቡን ነው፤ በጊዜው የነበረው ሕግ አንድ ክለብ በ3 ዓመት ውስጥ ቢበዛ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ እንዲያስመዘግብ ነበር የሚፈቅደው። ዓመታዊ ወጪው ትንሽ ሲመስል ሌላ ተጫዋች ለመግዛት ቦታ ይገኛል። ዘዴው ይሄ ነበር።

ሌሎች ሲነቁበት በሩ ተዘጋ። ዩኤፋ በ2023 ክረምት፣ ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ በዲሴምበር 2023 ዋጋው የሚከፋፈልበትን ጊዜ በ5 ዓመት ገደቡት። ውሉ 8 ዓመት ቢሆንም ሂሳቡ ከ5 ዓመት በላይ አይከፋፈልም። ከዚያ በፊት የተፈረሙት ግን በነበሩበት ቀጠሉ።

▪️ ታዲያ ኩርፊያው ከየት መጣ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? እዚህም የሆነው ይሄው ነው።

አንደኛ፣ ቦታ የለም። ሜዳ የሚገቡት 11 ናቸው። በፕሪሚየር ሊጉ ዕድሜያቸው ከ21 በላይ የሆኑ ተጫዋቾች ዝርዝር ከ25 አይበልጥም። በአውሮፓ ውድድር ደግሞ ይብሳል። በፌብሩዋሪ 2023 ቼልሲ ለቻምፒየንስ ሊጉ የጥሎ ማለፍ ዙር ማስመዝገብ የሚችለው 3 አዲስ ተጫዋች ብቻ ነበር። ኤንዞ፣ ሙድሪክ እና ጆአዎ ፌሊክስ ገቡ። በጃንዋሪ የተገዙት ባዲያሺል እና ማዱኬ ቀሩ፤ ኦባምያንግ ጭራሽ ከዝርዝሩ ወጣ።

ሁለተኛ፣ አሰልጣኙ ይቀየራል፣ ውሉ ግን ይቆያል። ራሂም ስተርሊንግ በ2022 ከማንችስተር ሲቲ በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ አሰልጣኙ ቱሄል ነበር። ከዚያ ፖተር መጣ፣ ላምፓርድ በጊዜያዊነት ያዘ፣ ፖቸቲኖ ተከተለ፣ በ2024 ማሬስካ ተረከበ። ሁሉም የየራሱ አጨዋወት አለው። ማሬስካ በኦገስት 2024 ከሲቲ ጋር ለነበረው የመክፈቻ ጨዋታ ስተርሊንግን ከስብስቡ ውጪ አደረገው። ጨዋታው ሳይጀመር የተጫዋቹ ወኪሎች «ሁኔታው ግልጽ ይደረግልን» የሚል መግለጫ አወጡ። ወሩ ሳያልቅ በውሰት አርሰናል ገባ።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ መውጫ በር የለም። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የ80 ሚሊዮኑ ተጫዋች የ8 ዓመት ውል ይዞ 2 ዓመት ሳይሳካለት ቀረ። መዝገቡ ላይ ገና የ60 ሚሊዮን ንብረት ነው። ገበያው የሚሰጠው 40 ሚሊዮን ከሆነ በዚያው ዓመት የ20 ሚሊዮን ኪሳራ ይመዘገባል። ውሉ 5 ዓመት ቢሆን ኖሮ የሚቀረው 48 ሚሊዮን፣ ኪሳራውም 8 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ግዢውን ያቀለለው ውል ሽያጩን ያከብደዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ የተጫዋቹን ደሞዝ የሚችል ሌላ ክለብ መገኘት አለበት።

«በውሰት ይስጡታ!» ትሉ ይሆናል። እሱም ገደብ አለው። ከ2024 ክረምት ጀምሮ ፊፋ አንድ ክለብ ወደ ሌላ አገር በውሰት የሚልካቸውን ተጫዋቾች በ6 ወስኗል። ወጣቶችና ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው ብቻ ከዚህ ቁጥር ውጪ ናቸው።

▪️ «ገንዘቡን ወዶ ነው የማይለቀው»

ደጋፊ በዚህ ነው ተጫዋቹን የሚሰድበው። ግን ቆይ፣ ውሉን የፈረሙት ሁለት ወገኖች ናቸው። ክለቡ «ይሄን ያህል ዓመት፣ ይሄን ያህል ደሞዝ» ብሎ ፈርሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ «አልፈልግህም፣ ደሞዝህን ቀንሰህ ሂድልኝ» ሲለው ተጫዋቹ የመቆየት መብት አለው። ፊፋም ተጫዋች ውሉን እንዲያፈርስ ሆን ብሎ ማንገላታትን ይከለክላል፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ተጫዋቹ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል።

ይሁንና መብት መኖሩ ጉዳቱን አያስቀርም። ስተርሊንግ አርሰናል ቤት በ28 ጨዋታ 1 ጎል ብቻ አስቆጥሮ ተመለሰ። በ2025 ክረምት ደግሞ ከዋናው ቡድን ተለይተው ከሚለማመዱት አንዱ ሆነ። ደሞዙ በየሳምንቱ ይገባ ነበር። የእግር ኳስ ዕድሜ ግን በባንክ አይቀመጥም፤ ያለፈው ዓመት አለፈ።

▪️ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ግዢ ስለሌለበት መዝገቡ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው። ሲሸጥ የተገኘው ብር በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ መዝገቡ ሲጠብ መጀመሪያ የሚታየው የቤቱ ልጅ ነው። ሜሰን ማውንት በ2023 ለዩናይትድ፣ ኮነር ጋላገር በ2024 ለአትሌቲኮ ማድሪድ ተሸጡ። ጋላገር እኮ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት ሪስ ጄምስ ሲጎዳ አምበል ሆኖ ቡድኑን የመራ ልጅ ነው።

ያም አልበቃም። ክለቡ ሁለት ሆቴሎቹን በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የሴቶች ቡድኑን ደግሞ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ለራሱ ባለቤቶች ኩባንያዎች ሸጠ። ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ! ፕሪሚየር ሊጉ ቢቀበለውም ዩኤፋ ግን እንዲህ ያለውን ገቢ አይቆጥርም። በጁላይ 2025 ቼልሲን 31 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ካልታረመ ሌላ ቅጣትም ይጠብቀዋል።

▪️ ለመሳቅ አትቸኩሉ

ስለዚህ ቼልሲ ከስሯል ማለት ነው? አይደለም። ዘዴው ሲሳካም ይሳካል። ኮል ፓልመር በ40 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ ውሉ እስከ 2033 ነው። ማንም ቢፈልገው ዋጋውን የሚቆርጠው ቼልሲ ነው። በ2025 ክለቡ ኮንፈረንስ ሊጉን በላ፤ በክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜም ፒኤስጂን 3 ለ 0 ሲረታ ሁለቱን ጎል ያስቆጠረው ፓልመር ነው።

የዩናይትድ ደጋፊም ቤቱን ያስታውስ። በ2025 ክረምት ራሽፎርድ፣ ጋርናቾ፣ አንቶኒ፣ ሳንቾ እና ማላሲያ ከቡድኑ ተለይተው መውጫ ሲፈልጉ ነበር። ጋርናቾን የገዛው ደግሞ ራሱ ቼልሲ ነው! የአርሰናል ደጋፊም ሙድሪክን ማጣት ጥቅም እንደነበረው ያውቃል፤ ከእሱ ይልቅ ትሮሳርድን በርካሽ ወስዶ ዓመቱን 2ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ቼልሲ ያን ዓመት 12ኛ ነበር።

ስለዚህ ቀጣዩ መስኮት ሲከፈትና «በዚህ ያህል ሚሊዮን ፈረመ» የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ዋጋውን ብቻ አትዩ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦
✅ ለስንት ዓመት ነው የፈረመው?
✅ አሰልጣኙ ቢሄድ የሚቀጥለው ይፈልገዋል?
✅ ባይሳካለት ደሞዙን የሚችል ክለብ አለ?

ሦስቱም ጥሩ መልስ ካላቸው ክለባችሁ ተጫዋች ገዝቷል። ከሌላቸው የገዛው የዛሬ ሁለት ዓመት የሚመጣን ኩርፊያ ነው፤ ያኔ መዝገቡን ለማስተካከል የሚሸጠው ምናልባት እናንተ የምትወዱት የአካዳሚ ልጅ ሊሆን ይችላል።

እናንተስ? ከክለባችሁ ውሉ አልቆ እስኪሄድ የምትጠብቁት ተጫዋች ማነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇