ያለ ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒትና የገዢው ልማድ

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶች የሚባሉት ተጠቃሚው ለቀላል ሕመም፣ ለአጭር ጊዜና በተወሰነ መጠን እንዲወስዳቸው የተፈቀዱ እንደ ፓራሲታሞልና ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ እንደሚጠጣው ለምለም (ኦአርኤስ) ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን «ማዘዣ አያስፈልገውም» የሚለው «ጉዳት የለውም» ማለት ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ ራስ ሲያም ወይም ወገብ ሲቆረጥም ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ ምክር የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሞክሮት የተሻለው ጎረቤት ነው።

ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነው ኪኒን ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ጉበት መድኃኒቱን ሲያብላላ ጥቂት መርዛማ ውሁድ ይፈጠራል፤ ይህን መርዝ የሚያከሽፈው ግሉታታዮን የተባለ የሰውነት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከልክ ሲያልፍ ግሉታታዮኑ እያለቀ ሄዶ መርዙ የጉበትን ሕዋሳት መግደል ይጀምራል። የከፋው ነገር ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ታማሚው ከማቅለሽለሽ ያለፈ ስሜት ላይኖረው ይችላል፤ ማርከሻው ግን ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው።

ከልክ ለማለፍ ደግሞ ሆን ብሎ ማብዛት አያስፈልግም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው፤ በአሜሪካ አሲታሚኖፌን የሚባለውና ታይለኖል በሚል የንግድ ስም የሚሸጠውም ይኸው ፓራሲታሞል ነው። ከውጭ የመጣ መድኃኒት ይበልጥ ያድናል በሚል እምነት፣ ዘመድ በሻንጣ ይዞለት የመጣውን ታይለኖል ከፋርማሲ ከገዛው ፓራሲታሞል ጋር የሚደርብ ሰው ሁለት ዓይነት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን የወሰደው አንዱኑ መድኃኒት በእጥፍ ነው።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሌላ ቤተሰብ ማስታገሻዎች ናቸው። ሥራቸው ሕመምንና እብጠትን የሚያባብሱትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ውሁዶች መግታት ቢሆንም፣ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁትም እነዚሁ ውሁዶች በመሆናቸው፣ መድኃኒቶቹ ሲደጋገሙ፣ ይልቁንም ሁለቱ ሲደረቡ፣ ቁስለትና መድማት ሊከተል ይችላል። ከምግብ ጋር እንዲወሰዱ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ጿሚ ሰው በባዶ ሆዱ ከዋጣቸው በኋላ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብሎ ሌላ ኪኒን ሲገዛ፣ አንዱ መድኃኒት ያመጣውን ሕመም በሌላው እየሸፈነ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ጉዳዩ የሐኪም ቤት እንጂ የመድኃኒት ቤት አይደለም።

ኪኒን ከስትሪፕ ላይ እየተቆረጠ በፍሬ ሲሸጥ ስሙና የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ጠርዝ ሻጩ ዘንድ ሊቀር ስለሚችል፣ ገዢ ሁሉ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን አስጽፎ ይውሰድ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የጉበት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ይህንኑ ለባለሙያው ሳይናገር ማስታገሻ አይግዛ።