ባሕሩ የት አለ?
ከሁለት ሕፃናት ጋር በመኪና ከአዲስ አበባ እስከ መርሳና ወልድያ

የስድስት ዓመት ልጅ ካለቻችሁ "ባሕር መቼ ነው የምንሄደው?" የሚለው ጥያቄ ቤታችሁ ሳይደርስ አይቀርም። እኛ ቤት የደረሰው ክረምት ላይ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ከቤተሰቦቿ ጋር ሞምባሳ ደርሳ፣ በውኃ ላስቲክ አሸዋ ይዛ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትልቋ ልጄ እራት ላይም፣ ገላዋን ስትታጠብም፣ የትራፊክ መብራት ስንጠብቅም ሌላ ወሬ የላትም። አንድ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ "ለገና እንሄዳለን" አልኳት።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። መጋዘን ውስጥ ለሌለ ዕቃ ማስታወቂያ አይሠራም ብዬ አዳዲስ ሠራተኞችን የማስተምረው እኔ ነኝ። በማግሥቱ ከባለቤቴ ጋር የአራት ሰው ትኬት፣ ሆቴልና የውጭ ምንዛሪ ስናሰላ፣ ሒሳቡ የሁለተኛውን መንፈቅ የትምህርት ቤት ክፍያ ዋጥ አድርጎ የሚሄድ ሆነ።

ሌላም ነገር ነበር። አባቴ የሚኖረው መርሳ ነው፤ ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ። ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ጨርሶ፣ ጡረታ ሲወጣ ወደተወለደበት ቀዬ ተመለሰ። ትንሹን ልጄን አይቶት አያውቅም ነበር። ልጁ ተወልዶ ገና ክርስትና ሳይነሣ ኮሮና መጣ፤ ኮሮናው ጋብ ሲል ጦርነቱ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 አካባቢው በጦርነት ውስጥ ሆኖ ስልኩ ሲቋረጥ፣ አባቴ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ከአራት ወር በላይ ቢሮ ገብቼ ወጥቻለሁ። በ2015 ገና ግን መንገዱ ክፍት ነበር። "ባሕሩ ይቆይና አባቴ ጋ እንሂድ" አልኩት ባለቤቴን። ለልጄ አልነገርኳትም። ጓዟን ስትሸክፍ የዋና ልብሷን ስታስገባ አይቼ ዝም አልኩ።

ጣርማበር ላይ ፌስታል አይጥፋ

ከአዲስ አበባ ወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያለ ልጅ በአንድ ቀን ይሄዱታል። ከልጅ ጋር ግን አትሞክሩት። እኛ የመጀመሪያውን ቀን ኮምቦልቻ ላይ አበቃን። ብዙ ሰው ደሴ ገብቶ ማደር ይወዳል፤ ደሴ ግን ታኅሣሥ ላይ ብርዱ አይጣል ነው፣ ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል። ለሕፃን እንቅልፍ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ብሉ፤ ግን ቀለል ያለ ይሁን። እኔ ወተትና ጨጨብሳ አብልቼ ተቀጥቻለሁ። ከደብረ ብርሃን ቀጥሎ ጣርማበር ይመጣል። በጣልያን ጊዜ የተፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ ብቅ ስትሉ ምድር ከእግራችሁ ሥር ትጠፋለች። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥታችሁ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ትገባላችሁ። የልጆች ጆሮ ይደፈናል፣ ሆድ ይገለበጣል። ከረሜላ መምጠጥ ወይም ውኃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ጆሮን ይከፍታል። ስልክና ታብሌት ከዋሻው በፊት ቀሙ፤ ወደ ታች እያየ የሚጓዝ ልጅ ቶሎ ያስመልሰዋል። ፌስታል፣ እርጥብ ሶፍትና ቅያሪ ልብስ ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከእግራችሁ ሥር ይሁን። ትንሹ ልጄ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ወተቱን መለሰው። ቅያሪ ልብሱ የት ነበር? ሻንጣው ውስጥ፣ ሻንጣው ደግሞ ከሌሎች ሻንጣዎች ሥር።

መኪናውን ጥግ አስይዘን ስናጣጥበው፣ ትልቋ ወደ ምሥራቅ እያየች ጮኸች። "ባሕር! እማዬ ባሕሩ!"

ከታች ጭጋግ ቆላውን ሸፍኖታል። ነጭ፣ ዳር የሌለው፣ ተራሮቹ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ያሉበት። ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። "አይደለም፤ ጉም ነው" ብቻ አልኳት። "ታዲያ ባሕሩ የት አለ?" ስትል ባለቤቴ ሞተር አስነሣ።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳትገዙ አትለፉ። አፍ የሚያስይዝ ነገር ለልጅም ለሹፌርም ጥሩ ነው። ከከሚሴ ወዲህና ወዲያ ግመል አስፋልት ሊያቋርጥ ስለሚችል ፍጥነት ቀንሱ፤ ለልጆቹ ግን ከዚህ የበለጠ ትርኢት አልነበረም። በምንም ምክንያት ማታ አትንዱ። ከመነሣታችሁ በፊትም በዚያው ጠዋት፣ መንገዱ ላይ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ይህ መንገድ ዛሬ ሰላም ሆኖ ነገ ሊዘጋ የሚችል መንገድ ነው። ዘመድ ከሌላችሁ የምታድሩበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ይነግራችኋል።

ያልመጣው ባሕር ዳር

ኮምቦልቻ ልጆቹ ተኝተው ስልኬን ስነካካ፣ ስለዚያ ገደል ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ከጣርማበር እስከ ወልድያና ቆቦ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ተራራ የአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። የዓረቢያ ምድር ከእኛ እየራቀ ነው፤ በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን አያቆምም። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቆ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ሳይንቲስቶች በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀይ ባሕር ገብቶ ይሞላዋል ይላሉ። ያኔ እኛ ወተት የተመለሰብን ገደል የባሕር ዳርቻ ይሆናል ማለት ነው። ሰው ልጁን ለማታለል እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲያገኝ እንዴት ደስ እንደሚለው አትጠይቁኝ።

በማግሥቱ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አልፈን ሐይቅ ቆምን። ለቤተሰብ ከዚህ መንገድ ሁሉ የተሻለ ማረፊያ ይህ ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ልጆችን ከዳር አትልቀቁ፤ ዓሣውን ግን ብሉ። ወደ ውኃው በገባው መሬት ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ነው። ሴት ስለማይገባበት ባለቤቴ ትንሹን ይዞ ሄደ፤ እኔና ትልቋ ዳር ቀረን። በአካባቢው የሚነገረውን አፈ ታሪክ አወራኋት፤ ልዕልት የበደለቻት ነፍሰ ጡር ሴት ስታለቅስ፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ሲቀር ዙሪያው በውኃ ተዋጠ ይባላል። ልጄ አዳመጠችኝና ጣቷን ውኃው ውስጥ ነክራ ላሰች።

"ጨው የለውም" አለች። ፊቷን አዙራ መኪና ውስጥ ገባች። ሐይቅ የሚለው ቃል በግዕዝ የባሕር ዳርቻ ማለት እንደሆነ ልነግራት አስቤ ነበር። ተውኩት።

መርሳ

ውጫሌንና ውርጌሳን አልፋችሁ ስትወርዱ አየሩ ይለወጣል። መርሳ ቆላማ ናት፤ ፓፓያው፣ ሙዙና ብርቱካኑ በየጓሮው ነው። ማንጎ ለመብላት ግን ሌላ ወቅት ምረጡ። ወባ ስላለ አጎበር ያዙ፤ ልጆቹን ከምሽት በፊት ረጅም እጅጌ አልብሷቸው።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከስቷል። እኔን አቅፎ ብዙ ቆየ። ትልቋ ትዝ አላትና ዘልላ ተጠመጠመችበት። ትንሹ ግን ከቀሚሴ ኋላ ተደብቆ እሪ አለ። ልጄን እየጎተትኩ "አባባ ነው፣ ሳመው" ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ተይው። ለሱ እንግዳው እኔ ነኝ" አለኝ።

ከዚያ አጭር ዱላ ይዞ ወደ መኪናችን ሄደ። የድሮ ሹፌሮች ጎማ እንዴት እንደሚያዩ ታውቁ ይሆናል፤ በዱላ መታ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። አንዱን መታ፣ ጆሮውን አዘነበለ። ሁለተኛውን መታ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትንሹ ቀሚሴን ለቆ ሁለት እርምጃ ተጠግቷል። አባቴ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ዱላውን ወደ ኋላ ዘረጋለት። እኔ ቤት ገባሁ፤ ጎረቤት የያዘልንን ቡና ለመጠጣት ሳይሆን ፊቴን ለመታጠብ።

ማታ የማሽላ እንጀራ በልተን ስንቀመጥ የፈራሁት መጣ። "አባባ፣ ባሕሩ የት አለ? እማዬ ለገና ባሕር እንሄዳለን ብላኛለች።"

አባቴ አየኝ። ይህን ቃል ለእኔም የገባልኝ ሰው ነው። አሰብ ይመላለስ በነበረበት ጊዜ፣ ትምህርት ሲዘጋ ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀመረ፤ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ መኪኖቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ባሕር አይቼ አላውቅም።

"መርሳ ማለት በዓረብኛ መርከብ የሚቆምበት ነው" አላት። "ቀይ ባሕር ዳር መርሳ ፋጡማ የሚባል አለ። እዚህ መርከቡ ዘግይቶብን ነው።" ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ባሕር እንደሌለ፣ ከመጀመሪያውም እንደማውቅ፣ አባባን ለማየት ብዬ እንደዋሸኋት ነገርኳት። አኮረፈች። ልብ በሉ፣ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ኩርፊያ ሙሉ ቀን ይቆያል።

ልጆቹ ሲተኙ ስለዚያ አራት ወር ጠየቅሁት። ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ ለምን እንደቀረ። "ብርቱካኑን ማን ያጠጣል?" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ጠዋት ስነሣ ከዛፎቹ ሥር ከትንሹ ጋር ቦይ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

የገና ማግሥት ወልድያ ሄድን፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ላይ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያሻሽል የኖረው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ወልድያ ላይ ልጆች የሚወዱት በጥር 2009 የተመረቀው፣ ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ነው፤ ከውጭ ሲታይ እንኳ ያስደንቃል። ከዚህ ወደ ላሊበላ ልጥለፍ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ለገና ከሕፃን ጋር አልመክርም፤ አልጋ አይገኝም፣ ግፊያው ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ሌላ ወር ሂዱ። ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲጀምር ደግሞ፣ ከወልድያ ደጃፍ ተነሥቶ አዋሽ ላይ የጅቡቲን ባቡር መያዝ ይቻላል። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም። ቃል መግባት ለጊዜው አቁሜያለሁ።

ከኩርፊያዋ ያወጣት አባቴ ነው። መርሳ በባጃጅ ገበያ ወስዷት ያልተፈጨ ጨው ገዛላት። ሐብሩ በምሥራቅ ከአፋር ትዋሰናለች። "ይሄ ከዚያ ማዶ የመጣ ነው። ድሮ ባሕር እዚያ ድረስ ገብቶ ነበር። ደረቀና ይሄን ትቶ ሄደ" አላት። እውነቱን ነው፤ የደናክል ጨው ቀይ ባሕር ገብቶ ደርቆ የተወው ነው። ልጄ ላሰችው፤ ፊቷ ተጨማደደ። "ይሄ ነው!" አለች። አንዱን ድንጋይ የሚያህል በውኃ ላስቲክ ከትታ ለጓደኛዋ ይዛ መጣች።

ስንመለስ አባቴ እስከ ኮምቦልቻ ልሸኛችሁ አለ፤ ወደ መርሳ የሚመልሰው ሚኒባስ አይጠፋም። ወደ ባቲ የሚወስደው መገንጠያ ላይ ባለቤቴን "አቁምልኝ" አለው። ወርዶ መንገዱን ቆሞ አየ። የአሰብ መኪኖች የሚታጠፉት በዚያ ነበር።

"ቃል ገብቼልሽ ነበር" አለኝ።

"አባዬ፣ ተወው።"

ትልቋ ጨዋን ታቅፋ ተኝታለች። ትንሹ ግን ወርዶ ዱላውን ከአባቴ እጅ ተቀበለ፤ አራቱንም ጎማ በየተራ መትቶ ጆሮውን አስጠጋ።

"ይሄዳል" አለ።