የስሜት ብልህነት ፈተና ዲላ ላይ በማን መልስ ይታረም?

የስሜት ብልህነት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የሆቴል አዳራሽ ሥልጠናና ሰርተፍኬት ነው። ያበሳጨኛል። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 ሐሳቡን ሲያቀርቡ፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅ፣ በዚያም እየተመሩ ማሰብና ማድረግ ማለታቸው ነበር። ገበያ ያወጣው በ1995 የታተመው የዳንኤል ጎልማን መጽሐፍ ነው። እኔን የሚማርከኝ መለኪያው ነው።

መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያሠራል። የሚጠይቀው ርካሽ ነው። የዎንግና የሎው መጠይቅ 16 ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከ1 እስከ 7 እያከበቡ መጨረስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ሁሉ የሚወደውም ለዚህ ነው። ዲላ የማውቃት አንዲት ነርስ ቡና እየጠጣን ሞላችው። ሕመምተኛ ሲያለቅስ ባልደረቦቿ የሚጠሩት እሷን ነው። ለራሷ ግን 4፣ 4፣ 3 እያለች ወረደች። «ኧረ በስመአብ፣ ራሴን በራሴ 7 ልበል? ነውር አይደል እንዴ!» አለችኝ። መጠይቁ ትሕትናዋን ለክቶ ተመለሰ። ይህን ቁጥር ሰብስቦ «የነርሶች የስሜት ብልህነት ዝቅተኛ ነው» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም።

የሚያሠራው ፈተና ሌላ ነው። ሜየር፣ ሳሎቬይና ካሩሶ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት 141 ጥያቄዎች አሉት። የሰው ፊት ፎቶ ይታያል፤ በዚህ ፊት ላይ ሐዘኑ ምን ያህል ነው? ንዴቱስ? ስለ አንድ ሰው አጭር ታሪክ ይነበባል፤ ቀጥሎ ምን ይሰማዋል? እዚህ ላይ ራስን ማሞገስም ማዋረድም አይሠራም። ግን ትክክለኛው መልስ ከየት መጣ? ሂሳብ አይደለም፤ የመልስ ቁልፉ ሰው ነው! በአንደኛው የእርማት መንገድ ትክክል የሚባለው አብዛኛው ተፈታኝ የመረጠው መልስ ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ 21 የስሜት ተመራማሪዎች የተስማሙበት። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ማጭበርበር መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ስሜትን የምናነበው ሁልጊዜም በአካባቢያችን ሰው ዳኝነት ነው።

ታዲያ የነዚያ ሰዎች ቁልፍ ዲላ ያለችበትን ጌዴኦን ያርማል ወይ? በ2010 ዓ.ም. በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሏል። ቤቷ የተቃጠለባት እናት ባለሥልጣን ፊት ያለ እንባ፣ በረጋ ድምፅ ብትናገር፣ ከሩቅ የመጣ ቁልፍ «ስሜቷ ደንዝዟል» ሊላት ይችላል። ጎረቤቷ ግን በአንድ እይታ ያነባታል።

በአገራችን ይህን አስቀድሞ ያየ አለ። ፍራንክ ኮርትማንና ባልደረባው የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መጠይቅ በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደሚታመን ፈትሸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተሙ። መጠይቁ «አዎ» ወይም «የለም» ነው የሚያስመልሰው፤ እነሱ ግን መላሹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳውና ለምን እንደዚያ እንደመለሰ አጣሩ። እኔ ቢሰጠኝ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ይህን ጽሑፍ ሳያነብ ፈቃድ አይሰጠው እላለሁ።

ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ጥፋቱ ይከፋል። አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ወጣቷን ሚስት «ስሜትሽን ትገልጫለሽ?» ብሎ ጮክ ብሎ የሚያነብ አይቻለሁ። ምን ትበል? ከሌላ አገር የተገለበጠ የነጥብ ድንበር ይዞ «ከዚህ በታች ነው» የሚልም አለ። ተዉ እንጂ!

ለዲላ የሚሆን ፈተና የሚሠራ ሰው ፎቶዎቹን ከጌዴብ፣ ከቡሌና ከወናጎ ፊቶች ያንሣ። ታሪኮቹን በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ያስነግር። ዳኞቹ የሶንጎ (የጌዴኦ ባህላዊ ሸንጎ) ሽማግሌዎች፣ አዋላጆችና እንደዚያች ያሉ ነርሶች ይሁኑ፤ የማይስማሙበት ጥያቄ ይውጣ። ከዚያ ውጤቱን የአእምሮ ሐኪም በዝግ ክፍል ካደረገው ቃለ መጠይቅ ጋር ያስተያይ። እስከዚያው የሚገኘው ነጥብ ለጥናት ይሁን፤ በሕመምተኛ ካርድ ላይ አይጻፍ።