ትንሹን አምፒር ይጠይቁ
የመኪና ላሜራ ለሚበይድ ሰው የሚሆን ማሽን አመራረጥ

የብየዳ ማሽን ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት አምፒር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም 200፣ 250፣ አንዳንዴም 300 የሚል ቁጥር በጉልህ የተጻፈበትን ካርቶን ያወርድለታል። መኪናውን ግቢው ውስጥ ራሱ ለሚጠግን ሰው ግን ይህ ቁጥር ብዙም አይጠቅመውም። እሱን የሚፈትነው ወፍራም ብረት ሳይሆን ስስ ላሜራ ነው። መጠየቅ ያለበትም ማሽኑ እስከ ስንት አምፒር እንደሚወጣ ሳይሆን፣ እስከ ስንት ወርዶ ሳይቆራረጥ እንደሚበይድ ነው።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ብረት 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቀልጥ፣ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚፈጠረው አርክ ግን ከ5000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ማቅለጡ ለየትኛውም ማሽን አይከብድም፤ ዋናው ነገር የገባው ሙቀት ወዴት እንደሚሄድ ነው። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ብረት ላይ ሙቀቱ ወደ ጎንም ወደ ታችም መሸሻ አለው። የመኪና ፓራፋንጎ ወይም ወለል ግን ውፍረቱ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ዝገት የበላው ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። መሄጃ ያጣው ሙቀት እዚያው ተጠራቅሞ ላሜራውን ይበሳዋል። ሳይበሳ ቢተርፍ እንኳ ይጣመማል፦ የጋለው ቦታ ሊሰፋ ሲል ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ብረት ያፍነዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይኮማተርና አካባቢውን ይጎትተዋል። የቦዲ ሠራተኞች ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉ የሚበይዱት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

በገበያችን በብዛት የሚገኘው ርካሹ ማሽን በኤሌክትሮድ የሚሠራው ነው። የተለመደው ባለ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በአግባቡ ለመንደድ ከ60 እስከ 90 አምፒር ይፈልጋል። ይህ ለአጥር በር፣ ለዕቃ መጫኛ ፖርታፓካ፣ ለሻንሲ ድጋፍ ጥሩ ነው፤ ለላሜራ ግን ብዙ ነው። ባለ 1.6 ሚሊሜትሩ በግማሹ ይነዳል፣ ነገር ግን ጀማሪ እጅ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጣበቃል።

ጋራዦች «ሲኦቱ» የሚሉት፣ ሽቦ በሞተር እየገፋ የሚበይደው ማሽን ለላሜራ የተመረጠበት ምሥጢር ግን መነገር ያለበት ነው። በኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽኑ አምፒሩ እንዳይለዋወጥ ይጠብቃል፤ ርቀቱን የሚጠብቀው የበያጁ እጅ ነው። በሲኦቱ ይህ ይገለበጣል። ሽቦው በእኩል ፍጥነት ይወጣል፣ ማሽኑ የሚጠብቀውም ቮልቴጁን ነው። እጅ ቀረብ ብሎ አርኩ ሲያጥር አምፒሩ ወዲያው ይጨምራል፣ ሽቦው ቶሎ ይቀልጥና የአርኩ ርዝመት ወደ ቦታው ይመለሳል። እጅ ሲርቅ ደግሞ በተቃራኒው። ይህ ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚሆን ስለሆነ በያጁ አይሰማውም፤ በእኔ እምነት ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። በዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲሠራ ደግሞ ሽቦው በሰከንድ ከ20 እስከ 200 ጊዜ ያህል የቀለጠውን ብረት እየነካ ጠብታውን ያራግፋል። በእያንዳንዱ ንክኪ አርኩ ለአፍታ ስለሚጠፋ ላሜራው ጥቂት ይበርዳል። ባለ 0.6 ሚሊሜትር ሽቦ እስከ 30 አምፒር አካባቢ ወርዶ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

የጋዙ ነገር እዚህ ይመጣል። የቀለጠ ብረት አየር ሲያገኝ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይጠጣል፤ ሲረጋም ቀዳዳ የበዛበትና ተሰባሪ ይሆናል። ስዊድናዊው ኦስካር ሼልቤሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ሰው፣ ኤሌክትሮዱን በሚነድ ልባስ የሸፈነው ለዚህ ነበር። ልባሱ ሲነድ ጋዝና ዝቃጭ ይፈጥራል፣ ሁለቱም ብረቱን ከአየር ይከልሉታል። በሲኦቱ ማሽን ይህን ሥራ ከሲሊንደር የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል። ልባሱን በሆዱ የያዘ፣ ጋዝ የማይፈልግ ሽቦም አለ። ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ይመቻል፤ ግን ይረጫል፣ ለስስ ላሜራም ሙቀቱ ይበዛል። ማሽኑ ያለ ጋዝ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለቦዲ ሥራ እንዲገዛ አልመክርም።

በአርጎን ጋዝ የሚሠራው ቲግ የተባለው ማሽን ውብ ብየዳ ያወጣል፤ ዘይት፣ ቀለምና ዝገት ግን ፈጽሞ አይወድም፣ የአሮጌ መኪና ሆድ ደግሞ የእነዚህ መኖሪያ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ ቁጥር። በኤሌክትሮድ ብየዳ የአርኩ ቮልቴጅ የሚታሰበው አምፒሩን በ0.04 አባዝቶ 20 በመደመር ነው። በ200 አምፒር 28 ቮልት፣ ማለትም 5600 ዋት ይሆናል። ማሽኑ ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶውን ለአርኩ ቢያደርስ እንኳ ከ220 ቮልት መስመር 30 አምፒር ገደማ ይስባል። 16 አምፒር የሚችል የቤት ሶኬት ይህን አይሸከምም። በ90 አምፒር ግን ስሌቱ ወደ 11 ወይም 12 አምፒር ይወርዳል፤ ይህ ቤት ውስጥ ይቻላል። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከዚያም ላይ ቮልቴጅ ይበላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 200 እውነት ቢሆን እንኳ ግቢው ውስጥ አይገኝም።

ከማሽኑ ጀርባ ያለው ሰሌዳ ይበልጥ ይናገራል። እዚያ ከአምፒሩ ጎን የተጻፈው መቶኛ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ያለማቋረጥ መበየድ እንደሚቻል ያሳያል፤ 30 በመቶ ካለ 3 ደቂቃ በይዶ 7 ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ዓለም አቀፉ መመዘኛ ይህን ቁጥር የሚያስቀምጠው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯም ከባሕር ጠለሉ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋ ሰው ከሰሌዳው ያነሰ ሠርቶ የበለጠ ማሳረፍ አለበት። ሻጮች ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው። ሥራው በዋናነት ላሜራ ከሆነ ባለ ጋዝ ትንሽ ሲኦቱ፣ ባለ 0.6 ሽቦ፣ ከተቻለ በኤሌክትሮድም የሚሠራ ኢንቨርተር። ገንዘቡ ለኤሌክትሮድ ማሽን ብቻ ከበቃ በሩንና ፖርታፓካውን በእሱ መሥራት፣ ላሜራውን ግን ለቦዲ ሠራተኛ መተው። ከመክፈል በፊት 0.8 ሚሊሜትር ቁራጭ ላሜራ ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቁ ውስጥ ማስበየድ ያዋጣል።

የትኛውም ማሽን የማይፈታው ነገርም አለ። የአዳዲስ መኪኖች የበር መካከል ምሰሶ ብዙ ጊዜ ቦሮን ከተጨመረበት፣ ግሎ ተጨፍልቆ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ከተደረገ ብረት ይሠራል። የብየዳ ሙቀት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ብየዳው ከውጭ ያማረ ሆኖ ሳለ ምሰሶው በግጭት ጊዜ ይታጠፋል። ምሰሶ፣ መሪና የነዳጅ ታንክ በቤት አይበየዱም። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ደግሞ መጀመሪያ መፋቅ አለበት፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ነጩ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል።

መኪና ላይ ሲበየድ በቅድሚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። የማሽኑ የመሬት መቆንጠጫ ደግሞ ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ፣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዛል። ፓራፋንጎ እየተበየደ መቆንጠጫው የጎማው ቸርኬ ላይ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፋል፤ በኳሶቹና በቀለበቱ መካከል የሚፈጠሩት ጥቃቅን ብልጭታዎች ኩሽኔታውን ይቦረቡሩትና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማጉረምረም ይጀምራል።