የኤሌክትሪክ ሙያ፤ ከሥልጠና እስከ ሥራ

ሌሊት የሚበራውን አምፖል፣ እንጀራ የሚጋገርበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ እህል የሚፈጨውን ወፍጮ ብዙዎቻችን አይተናል። ኃይሉ ከግድብ ተነሥቶ እቤት ድረስ የሚመጣው ግን በሰው እጅ ነው። ይህ ሰው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ሙያ ምን እንደሆነ፣ ሥልጠናው እንዴት እንደሚሰጥና ከሥልጠና በኋላ ምን ሥራ እንደሚገኝ እንመለከታለን።

ሙያው ለምን ያስፈልገናል?

አንድ ገበሬ አራት ልጆችና አንድ ሄክታር መሬት አለው እንበል። መሬቱን ለአራቱ ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ሩብ ሄክታር ይደርሰዋል። በሩብ ሄክታር ጎጆ ወጥቶ ልጅ ማሳደግ ምን ያህል እንደሚከብድ ለገበሬ አይነገርም። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሌላ ሙያ ቢይዙ ግን ለራሳቸውም፣ መሬቱ ላይ ለሚቀሩትም ይበጃል።

ዱሮ በአገራችን የእጅ ሙያ ይናቅ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ይሰደቡ ነበር። ታዲያ ያለ ማረሻ ማን ያርሳል? ያለ ሸማኔስ ማን ይለብሳል? ንቀቱ ጎዳን እንጂ አልጠቀመንም። ልጃችን ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ ቢመጣ ልናፍር አይገባም።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ መጀመሪያ የበራው በቤተ መንግሥት ነበር። በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ከቆቃ 120 እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን ዛሬም መስመር ያልደረሰው ቀበሌ ብዙ ነው። ግድብ ቢሠራም ምሰሶ የሚተክል፣ ሽቦ የሚዘረጋ፣ የተበላሸውን የሚጠግን ሰው ከሌለ መብራቱ እቤታችን አይገባም።

ሠልጣኙ ምን ይማራል?

አንደኛ፣ ጥንቃቄ ይማራል። ኤሌክትሪክ አይታይም፣ አይሸትም። ከአንድ አምፔር ሺህ እጅ ውስጥ 30 እጁ ብቻ በሰውነት ቢያልፍ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ሠልጣኙ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ኃይሉን ያጠፋል፤ መጥፋቱንም በመፈተሻ ያረጋግጣል። እጁ እርጥብ ሆኖ ወይም ባዶ እግሩን ሆኖ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ስሌት ይማራል። ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው። አንድ ዕቃ የሚወስደውን ዋት ለ220 ስናካፍል በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን አምፔር እናገኛለን። 55 ዋት የሆነ አምፖል የሚወስደው ሩብ አምፔር ነው። 3,300 ዋት የሆነ ምጣድ ግን 15 አምፔር ይወስዳል። አንድ ምጣድ የ60 አምፖል ያህል ይስባል ማለት ነው። እንግዲህ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ብንሰካ ምን ይሆናል? ሽቦው ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳት ይነሣል። ለዚህ ነው ባለሙያ ለመብራት ቀጭን፣ ለምጣድ ወፈር ያለ ሽቦ የሚመርጠው። ፊውዝ ወይም ብሬከር የሚያስገባውም ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ እንዲቆርጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ንድፍ ማንበብ ይማራል። አምፖሉ፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሶኬቱና ቆጣሪው በወረቀት ላይ በምልክት ይሣላሉ። ፊደልና ቁጥር የማያውቅ ሰው ይህን ሙያ በሚገባ ሊይዘው አይችልም።

አራተኛ፣ ሥራውን በእጁ ይለማመዳል። ሽቦ ይልጣል፣ ያገናኛል፣ ሞተር ይፈታል፣ መልሶ ይገጥማል።

ሥልጠናው የት ይሰጣል?

ሥልጠናው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይሰጣል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ተግባረ ዕድ ከጥንቶቹ አንዱ ነው። ዛሬ ኮሌጆች በየክልሉ አሉ። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው። በኮሌጅ ከሚማረው በተጨማሪ ሠልጣኙ ወደ ድርጅት ሄዶ ከነባር ሠራተኛ ጋር ይለማመዳል። በመጨረሻም የብቃት ምዘና ይወስዳል። ያለፈ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ወደሚቀጥለው ደረጃም ሊያድግ ይችላል።

ሴቶች ልጆችም ይሠለጥናሉ። ቆጣሪ የወንድና የሴት እጅ አይለይም።

ከሥልጠና በኋላስ?

1. የቤት መስመር ዝርጋታ። በአዳዲስ ቤቶች ሽቦ ይዘረጋል። ብቻውን ወይም ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ መሥራት ይቻላል።

2. የመስመር ሥራ። በ2006 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ሥራ ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትላልቅ መስመሮች ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለደንበኞች ያድላል። ሁለቱም ባለሙያ ይቀጥራሉ።

3. የፋብሪካ ጥገና። በስኳር፣ በሲሚንቶና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሞተር የሚጠብቅና የሚጠግን ያስፈልጋል።

4. በገጠር የሚሠራ ሥራ። የወፍጮና የመስኖ ፓምፕ ሞተር ጥገና፣ የፀሐይ ኃይል መብራት መግጠም ከቀያችን ሳንርቅ የሚሠሩ ናቸው። መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የፀሐይ መብራት ገጣሚ ተፈላጊ ነው።

ልጅ ከመላካችን በፊት

ሥልጠና ወጪ አለው። ኮሌጁ ሩቅ ከሆነ የቤት ኪራይና ስንቅ ይጠይቃል። የምስክር ወረቀትም ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ጀማሪ ሠራተኛ የራሱን መሣሪያ እስኪገዛና ደንበኛ እስኪያገኝ ድረስ ገቢው አነስተኛ ነው። ስለዚህ አስቀድመን እንጠይቅ። ኮሌጁ በቂ የመለማመጃ ዕቃ አለው? ለልምምድ የሚልከው ወዴት ነው? የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃ ስንት ነው? የመግቢያው ደንብ ስለሚለዋወጥ፣ በየዓመቱ ከኮሌጁ ወይም ከወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ልጅ ባንልክም ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር እንያዝ። ምጣድ ስንገዛ ከጎኑ የተጻፈውን ዋት እናንብብ። መስመር የምናዘረጋው በርካሽ ለሚሠራ ሳይሆን ሙያውን ለሚያውቅ ይሁን። ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው በእጃችን አንንካው፤ መጀመሪያ ከቆጣሪው ላይ እናጥፋ። ማጥፋት ካልተቻለና መስመሩ የቤት ከሆነ፣ በደረቅ እንጨት ሽቦውን እናርቅለት። ምሰሶ ላይ ከተዘረጋ መስመር ለወደቀ ሽቦ ግን አንጠጋ፤ ሰው እናርቅ፤ ለመብራት ኃይል ሠራተኞች እናስታውቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. 2,200 ዋት የሆነ ምጣድ ስንት አምፔር ይወስዳል?
2. በቀበሌያችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢኖር የትኛውን ሥራ ያቃልልልናል?
3. የእጅ ሙያን መናቅ በአካባቢያችን ምን ጉዳት አድርሷል?